ገደብ፣ ሊሚትና ሊሚቴሽን፦ ለአንድ ተመራቂ ተማሪ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው ስለ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበራት የሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ ጽሑፋቸውን በእንግሊዝኛ እያዘጋጁ ነው። አማካሪያቸው ረቂቁን ሲመልሱላቸው «ሊሚት» የሚለውን ቃልና ዘሮቹን በአራት ቦታ በቀይ ነክተዋቸዋል፤ በአንደኛው ከጎኑ ያለውን መስተዋድድ ለውጠዋል፣ በሁለተኛው «ሊሚቴሽን» ብለው ተክተዋል፣ በሦስተኛው «ዴድላይን» ጽፈዋል፣ በአራተኛው ደግሞ ምንም ሳይተኩ የጥያቄ ምልክት ብቻ አኑረዋል። ጠያቂው «በአማርኛ ሁሉም ገደብ ነው፤ ታዲያ ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው?» ይላሉ፤ አራቱን ዓረፍተ ነገሮችም አያይዘው ልከዋል። እኔም በየተራ እመጣባቸዋለሁ።

ከአማርኛው ብጀምር ይሻላል፤ ስሕተቱ የመጣው እንግሊዝኛውን ካለማወቅ ሳይሆን «ገደብ» የሚለው ቃላችን ብዙ ሸክም ስለተጫነበት ነውና። የፍጥነት ገደብ፣ የጊዜ ገደብ፣ የዕድሜ ገደብ እንላለን፤ ፍርድ ቤት የእስራት ቅጣትን በገደብ ሲያደርገውም ያው ቃል ነው። አንድ ጊዜ ለኤምባሲ የሚቀርብ የፍርድ ቤት ወረቀት ትርጉም እንዳርም ተሰጥቶኝ፣ «ቅጣቱ በገደብ ሆኖለት ተለቋል» የሚለው «ሪሊስድ ዊዝ ሊሚት» ተብሎ አገኘሁት። እንግሊዝኛ አንባቢ ከዚህ የሚጨብጠው ነገር የለም፤ ሰውየው በከፊል የተለቀቀ ይመስለዋል እንጂ ቅጣቱ ለተወሰነ የፈተና ጊዜ ታግዶ እንደቆየለት አይረዳም። ትክክለኛው አባባል «ሰስፔንድድ ሴንተንስ» ነው፤ ሊሚት የሚባል ነገር በውስጡ ጨርሶ የለም። የተገላቢጦሹም አለ፤ በአማርኛ ገደብ የማንለውን፣ ማለትም ይርጋን (ክስ የማቅረብ መብት የሚያልቅበትን ጊዜ)፣ የእንግሊዝኛው የሕግ ቋንቋ «ፔሪየድ ኦፍ ሊሚቴሽን» ይለዋል። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1845 ላይ ለውል ክሶች የተደነገገው የ10 ዓመት ይርጋ በእንግሊዝኛው ቅጂ የሚጠራው በዚሁ ስም ነው። ስለዚህ «ገደብ» ባዩ ቁጥር «ሊሚት» መጻፍ፣ «ሊሚት» ባዩ ቁጥርም «ገደብ» ማለት አያዋጣም።

የሊሚት ፍሬ ሐሳብ መስመር ነው። ቃሉ የመጣው ከላቲኑ «ሊሜስ» ሲሆን፣ ሊሜስ በሮማውያን ዘንድ በማሳና በማሳ መካከል የሚተው የወሰን መተላለፊያ፣ ኋላም የግዛታቸው ዳርቻ ስም ነበር። ዛሬም ሊሚት የምንለው አንድ ነገር እየጨመረ፣ እየረዘመ ወይም እየፈጠነ ሄዶ መቆም ያለበትን ነጥብ ነው። እንዲህ ከሆነ ሊሚት ለመባል የሚለካ ነገር ሊኖር ይገባል፤ ብር፣ ኪሎ፣ ደቂቃ፣ የቃላት ብዛት፣ ወይም ቢያንስ እንደ ትዕግሥት ያለ «ይህን ያህል» ሊባልለት የሚችል ነገር። ማኅበሩ ለአንድ አባል ከ50,000 ብር በላይ አያበድርም ከተባለ ይህ ሊሚት ነው። ማኅበሩ አባል ላልሆነ ሰው አያበድርም ከተባለ ግን የሚለካ ነገር ስለሌለው «ሬስትሪክሽን» ማለት ይሻላል።

አሁን ወደ መጀመሪያው ዓረፍተ ነገርዎ ልምጣ፦ «ዘ ኮኦፐሬቲቭ ሃዝ ሊሚት ፎር ሎን»። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ጎድሏል። አንደኛው፣ ሊሚት ተቆጣሪ ስም በመሆኑ ነጠላ ሆኖ ሲመጣ ከፊቱ «ኤ» ወይም «ዘ» የምትለዋን ቃል ይፈልጋል፤ «ብድር» የሚለውም እንደዚሁ በብዙ ቁጥር «ሎንስ» መባል ነበረበት። አማርኛ «ማኅበሩ ገደብ አለው» ሲል «አንድ» የሚል ቃል ስለማያስፈልገው፣ ብዙዎቻችን እንግሊዝኛ ስንጽፍ ይህችን «ኤ» እንረሳታለን፤ አማካሪዎ ያለ ማብራሪያ ያስገቧትም እንግሊዝኛ የሚያርም ሁሉ እጁ የለመዳት ስለሆነች ይመስለኛል።

ሁለተኛው መስተዋድዱ ነው፣ ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባውም ይኸው ነው። እርስዎ «ለብድር ገደብ አለው» ብለው አስበው «ለ» የምትለዋን ወደ «ፎር» መልሰዋታል። ይሁን እንጂ አማርኛ ሌላም መንገድ አለው፤ «በብድር ላይ ገደብ ጣለ» እንላለን። ይህ «ላይ» የእንግሊዝኛው «ኦን» ወንድም ነው። አንድ አካል፣ መንግሥትም ይሁን ባንክ ወይም የማኅበር ጉባኤ፣ ሊጨምር ይችል የነበረን ነገር በዚህ ይቁም ብሎ መስመር ሲያሰምርበት እንግሊዝኛው «ኤ ሊሚት ኦን» ይላል፤ «ኤ ሊሚት ኦን ሎንስ»፣ «ኤ ሊሚት ኦን ካሽ ዊዝድሮዋልስ»፣ «ኤ ሊሚት ኦን ዘ ነምበር ኦፍ ባግስ»። «ፎር» የሚገባው ገደቡ የተቀመጠበትን ነገር ሳይሆን የሚመለከተውን ወገን ስንጠቅስ ነው፤ «ዘ ሊሚት ፎር ኢች ሜምበር» ማለት «ለእያንዳንዱ አባል የተፈቀደው ጣሪያ» ማለት ነው። ስለዚህ አባሉ በ«ፎር» ይመጣል፣ ብድሩ በ«ኦን» ይመጣል፤ ሁለቱም በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊገኙ ይችላሉ።

ሰው ያላስቀመጠው፣ ነገሩ በራሱ ተፈጥሮ የሚያልቅበት ዳርቻ ሲሆን ደግሞ እንግሊዝኛ ወደ «ቱ» ያደላል። «ዘር ኢዝ ኤ ሊሚት ቱ ማይ ፔሸንስ» የሚለውን «በትዕግሥቴ ላይ ገደብ አለ» ብለን ብንተረጉመው ማንም እንደዚያ አይናገርም፤ እኛ የምንለው «ትዕግሥቴም ልክ አለው» ነው። እነሆ ሌላ ምልክት ተገኘ፤ በአማርኛ አእምሮዎ ውስጥ የመጣልዎት «ገደብ ተጣለበት» ከሆነ «ኦን» ይበሉ፤ የመጣልዎት «ልክ አለው» ከሆነ «ቱ» ይበሉ። አንድ የማኅበር ሒሳብ ሹም በቀን የሚያስተናግደው ተበዳሪ ልክ አለው፤ አቅም የሚባል ነገር ስላለ እንጂ ማንም መመሪያ ስላወጣበት አይደለም፤ ስለዚህ «ዘር ኢዝ ኤ ሊሚት ቱ ሃው ሜኒ ቦሮወርስ ዋን አካውንታንት ካን ሰርቭ» ይባላል። በሁለቱ መካከል ያለው አጥር ግን የድንጋይ ካብ አይደለም። ቁጥርን በተመለከተ «ኤ ሊሚት ቱ ዘ ነምበር» ብለው የሚጽፉ ጥሩ ጸሐፊዎች አሉ፣ እርማትም አያስፈልጋቸውም። ለትዕግሥት «ኦን» ማለት ግን ጆሮ ይቆረቁራል።

ሦስተኛው «ኦፍ» ሁለት ሥራ አለው፣ ያሳሳተዎትም ይህ ሳይሆን አይቀርም። የመጀመሪያ ሥራው የገደቡን መጠን መንገር ነው፦ «ኤ ሊሚት ኦፍ 50,000 ብር»። እዚህ ከ«ኦፍ» ቀጥሎ የሚመጣው ቁጥር ነው። ሁለተኛው ሥራው የአንድ ነገር ዳርቻ እስከ የት እንደሚደርስ መናገር ሲሆን፣ ያን ጊዜ ሊሚት በአብዛኛው በብዙ ቁጥር ይመጣል፦ «ዘ ሊሚትስ ኦፍ ሂውማን ኖውሌጅ»፣ የሰው ዕውቀት ዳርቻ። የሂሳብ ሰዎች የአንድ ፋንክሽን ሊሚት ሲሉ የሚጠቀሙትም በዚሁ «ኦፍ» ነው፤ ልዩነቱ የእነሱ ሊሚት ነገሩ ሳይደርስበት እየተጠጋው ብቻ ሊኖር የሚችል መሆኑ ነው፣ የመንገዱን ሊሚት ግን አሽከርካሪዎች በየቀኑ ያልፉታል። እንግዲህ «ኤ ሊሚት ኦፍ ሎንስ» ብሎ ማቆም አንባቢውን መጠኑን ሲጠብቅ ያስቀረዋል። መጠኑንም፣ ገደቡ ያረፈበትንም በአንድነት ለመናገር ሁለቱን መስተዋድዶች ያሰልፏቸው፦ «ኤ ሊሚት ኦፍ 50,000 ብር ኦን ኢንዲቪጁዋል ሎንስ»። አጠር ይበል ካሉ «ሎን ሊሚት» ብለው ስሞቹን ያጣምሩ፤ «ስፒድ ሊሚት»፣ «ኤጅ ሊሚት»፣ «ክሬዲት ሊሚት» የተሠሩት እንደዚሁ ነው። ለአውሮፕላን ሻንጣ ግን የተለመደው ስም «ባጌጅ አላዋንስ» ነው፤ የተፈቀደልዎትን ያህል ያመለክታልና፣ «ዌይት ሊሚት» የሚባለው አንዱ ሻንጣ ሊያልፈው የማይገባው ኪሎ ነው።

ከሊሚት ጋር የሚሄዱት ግሦችም ከእኛዎቹ ይለያሉ። እኛ ገደብ እንጥላለን፣ እናበጃለን፣ እንጥሳለን፤ እንግሊዝኛ ሊሚትን አይወረውርም፣ «ሴት» ወይም «ኢምፖዝ» ያደርገዋል፣ ከፍ ሲያደርገው «ሬይዝ» ይላል፣ ያለፈው ሰው ደግሞ «ኤክሲድ» አደረገ ይባላል። «ብሬክ» የሚለው የመጣስ ግሥ በተለይ ከፍጥነት ገደብ ጋር ይገጥማል፤ እርሱ ሕግ ነውና ይሰበራል። ሕጉ ዕድሜ ጠገብ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1865 በብሪታንያ የወጣው ሕግ በመንገድ ላይ በራሳቸው ሞተር የሚሄዱ ተሽከርካሪዎች ከከተማ ውጭ በሰዓት ከ4 ማይል፣ በከተማ ውስጥ ከ2 ማይል በላይ እንዳይሄዱ ይከለክል ነበር፤ የከተማው ከእግረኛም የዘገየ ማለት ነው። የብድር ጣሪያን ያለፈ ተበዳሪ ግን «ብሮክ ዘ ሎን ሊሚት» አይባልም፣ «ኤክሲድድ» ይባላል። አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፤ ስለ አሽከርካሪ ሲወራ «ሂ ዋዝ ኦቨር ዘ ሊሚት» የሚለው አባባል ያለ ተጨማሪ ማብራሪያ ከተነገረ ብሪታንያዊው የሚረዳው ፍጥነትን ሳይሆን መጠጥን ነው። በእንግሊዝ የተፈቀደው መጠን በ100 ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ 80 ሚሊ ግራም አልኮል ነው፤ ፍጥነት ማለት ከፈለጉ ቃሉን ራሱን ይጥቀሱት።

ሁለተኛው ዓረፍተ ነገርዎ «ዘ ሊሚት ኦፍ ዚስ ስተዲ ኢዝ ስሞል ሳምፕል» የሚል ነው፤ አማካሪዎ ወደ «ሊሚቴሽን» የለወጡት በጣም በትክክል ነው። ሊሚት ከነገሩ ዳር ያለ መስመር ሲሆን ሊሚቴሽን በነገሩ ውስጥ ያለ ጉድለት ነው፤ አማርኛችን «ውስንነት» በሚለው ቃል በከፊል ይደርስበታል። «ኖው ዩር ሊሚትስ» ማለት አቅምህ እስከ የት እንደሚደርስ እወቅ፣ ከዚያ አትለፍ ማለት ነው፤ «ኖው ዩር ሊሚቴሽንስ» ማለት ደግሞ ምን እንደሚያቅትህ እወቅ ማለት ነው። ናሙና ማነሱ የጥናትዎ ዳርቻ አይደለም፣ የጥናትዎ ድካም ነው፤ ውጤቱን ወደ ሌሎች ማኅበራት ለማስፋት አያስደፍርም።

በመመረቂያ ጽሑፎቻችን ውስጥ ከዚህ ጋር የሚምታቱ ሁለት ሌሎች ርእሶች አሉ፤ «ስኮፕ» እና «ዲሊሚቴሽን»። ሁለቱ እርስ በርሳቸው ይቀራረባሉ፤ ስኮፕ ጥናቱ የሚሸፍነውን ሜዳ ይናገራል፣ ዲሊሚቴሽን ያን ሜዳ ለማጠር እርስዎ ራስዎ ያሰመሩትን መስመር ይናገራል። ቃሉ ከድንበር ሥራ ጋር ዝምድና አለው፤ የኢትዮጵያና የኤርትራ የድንበር ኮሚሽን እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 13 ቀን 2002 የሰጠው ውሳኔ ዲሊሚቴሽን የተባለው መስመሩ የት እንደሚያልፍ በጽሑፍና በካርታ ስለወሰነ ነው፤ በመሬቱ ላይ ምልክት መትከሉ «ዲማርኬሽን» የሚባል ሌላ ሥራ ነው። ወደ ጥናትዎ ስንመልሰው፦ አንድ ወረዳ ብቻ ለማጥናት ከመጀመሪያው አስበው ከመረጡ ይህ ዲሊሚቴሽን ነው፣ ምክንያትዎን ይጻፉ እንጂ ይቅርታ አይጠይቁበትም። ሦስት ወረዳ ለማጥናት ወጥተው ሁለቱ ጋ መንገድ ተዘግቶብዎት ከተመለሱ ግን ይህ ሊሚቴሽን ነው። ድርጊቱ አንድ ነው፣ አንድ ወረዳ ተጠና፤ ስሙን የሚወስነው ማን እንደወሰነው ነው።

እዚህ ላይ ከሰዋስው ትንሽ ወጣ ብዬ የምለው አለኝ። በእጄ ያለፉት አብዛኞቹ ረቂቆች በዚህ ርእስ ሥር «የጊዜና የበጀት እጥረት» ብለው በአንድ መስመር ያልፋሉ። ይህ የእንግሊዝኛ ስሕተት ባይሆንም ለአንባቢ የሚነግረው የለም፤ ጊዜ ያላጠረው ተማሪ የት አለ? ሊሚቴሽን የሚሆነው እጥረቱ ሳይሆን እጥረቱ በውጤቱ ላይ ያደረሰው ነው። ጊዜ በማጠሩ ገበያ ቀን ብቻ ቃለ መጠይቅ አድርገው ከሆነ፣ ወደ ገበያ የማይወጡ አባላት ከናሙናው ቀርተዋል ማለት ነው፤ መጻፍ ያለበት እርሱ ነው።

ሦስተኛው «ዘ ታይም ሊሚት ኦፍ ሪፔይመንት ዋዝ ጁን 30» የሚለው ነው። «የጊዜ ገደብ» በአማርኛ ቆይታንም ቀንንም ይይዛል፤ እንግሊዝኛ ግን ይከፍላቸዋል። ቆይታ ከሆነ፣ ማለትም ሁለት ሰዓት ወይም 12 ወር፣ «ታይም ሊሚት» ነው፤ በቀን መቁጠሪያ ላይ ጣት የሚያርፍበት ዕለት ከሆነ «ዴድላይን» ነው፣ መስተዋድዱም «ፎር» ይሆናል፦ «ዘ ዴድላይን ፎር ሪፔይመንት»። ዴድላይን የሚለው ቃል ታሪኩ ጨካኝ ነው፤ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1864፣ በጆርጂያ በነበረው የአንደርሰንቪል የምርኮኞች ማጎሪያ ውስጥ ምርኮኛ ካለፈው በጥይት የሚመታበት መስመር ስም ነበር። በብድር ውል ቋንቋ ግን የመክፈያ ዕለት በአብዛኛው «ዱ ዴት» ስለሚባል፣ ስለ አንድ ብድር መክፈያ ቀን በሚጽፉበት ቦታ ሁሉ እኔ ይህን እመርጥ ነበር። አማካሪዎ የጻፉት ስሕተት አይደለም፣ የእኔ ምርጫ ብቻ ነው።

እግረ መንገዴን፣ አይኤልትስ የተባለውን የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና ለሚፈተኑ ሰዎች አንድ ነገር ላስታውስ። የጽሑፍ ፈተናው ሁለተኛ ክፍል ቢያንስ 250 ቃላት ይጠይቃል፤ ይህን «ወርድ ሊሚት» ብሎ መጥራት አሳሳች ነው፣ በተለመደው አነጋገር ወርድ ሊሚት የላይኛው ጣሪያ ነውና። በማዳመጥ ፈተናው «ከሁለት ቃል ያልበለጠ» ተብሎ ሲታዘዙ ግን እርሱ በትክክል ወርድ ሊሚት ነው፤ ሦስተኛ ቃል የጨመረ ሰው መልሱ ትክክል ቢሆንም ነጥቡን ያጣል።

አራተኛው፣ የጥያቄ ምልክት ብቻ የተቀመጠበት፣ «ሊሚትድ ሜምበርስ አንሰርድ ዘ ኩዌስችን» የሚለው ነው፤ ከአራቱ ሁሉ ይበልጥ አበሻዊ የሆነው ይህ ነው። «የተወሰኑ አባላት መልስ ሰጡ» ብለው አስበዋል። «ወሰነ» ከሚለው ግሥ ወሰንም ውሳኔም ይወጣሉ፤ «የተወሰነ» ደግሞ ገደብ የተደረገበት ማለት ሲሆን «ጥቂት፣ አንዳንድ» ማለትም ነው። እንግሊዝኛው «ሊሚትድ» ግን ሁለተኛውን ትርጉም አይሸከምም፤ «ሊሚትድ ሜምበርስ» ያነበበ ሰው አባላቱ ራሳቸው አቅም ያነሳቸው ወይም መብታቸው የተገደበ ይመስለዋል። «ሰም ሜምበርስ» ወይም «ኤ ፊው ሜምበርስ» ይበሉ፤ ቁጥሩን ካወቁት ደግሞ ቁጥሩን ይጻፉት። ቃሉን የግድ ማቆየት ከፈለጉ ቁጥሩን እንጂ ሰዎቹን አይገድቡ፦ «ኤ ሊሚትድ ነምበር ኦፍ ሜምበርስ»። በ«ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር» ውስጥ ያለው «የተወሰነ» ግን በእርግጥ «ሊሚትድ» ነው፤ የተወሰነው የባለቤቶቹ ኃላፊነት ነውና። እኛ ይህን «ፒ ኤል ሲ» ብለን ስናሳጥረው «ፒ»ዋ የግል ማለት ናት፤ በብሪታንያ ግን ያችው «ፒ» የሕዝብ ማለት በመሆኗ ፒ ኤል ሲ የሚባለው አክሲዮን ለሕዝብ ሊሸጥ የሚችል ኩባንያ ነው። ስለ ማኅበራትና ድርጅቶች እየጻፉ ስለሆነ ይህን ልዩነት በግርጌ ማስታወሻ ቢያኖሩት የውጭ ፈታኝ አይደናገርም።

የተጣበቁ አባባሎችን በፍጥነት ላልፋቸው፤ ሕግ ስለሌላቸው መሸምደድ ብቻ ነው። «ዊዚን ሊሚትስ» በብዙ ቁጥርና ያለ «ዘ» ይመጣል፣ «መጠኑን ሳያልፍ» ማለት ነው። «ዊዛውት ሊሚት» በነጠላ፣ ያለ «ኤ» ይመጣል። «ኦፍ ሊሚትስ» የተከለከለ ሥፍራን ወይም ርእስን የሚገልጽ ሲሆን የተከለከለው ሰው በ«ቱ» ይጠቀሳል፦ «ዘ ስትሮንግ ሩም ኢዝ ኦፍ ሊሚትስ ቱ ሜምበርስ»፣ ወደ ካዝናው ክፍል አባላት አይገቡም። እዚህ ያለችው «ኦፍ» በሁለት ኤፍ የምትጻፈው፣ «ውጭ» የምትለዋ ናት፤ በፊደላችን ስትጻፍ ከሌላዋ ጋር ትመሳሰላለችና እንዳትቀያየርብዎት።

እንግዲህ አራቱ ዓረፍተ ነገሮች ተስተካክለው እንዲህ ይሆናሉ፦ «ዘ ኮኦፐሬቲቭ ሴትስ ኤ ሊሚት ኦን ዘ ሳይዝ ኦፍ ሎንስ»፤ «ዋን ሊሚቴሽን ኦፍ ዚስ ስተዲ ኢዝ ኢትስ ስሞል ሳምፕል»፤ «ዘ ዴድላይን ፎር ሪፔይመንት ዋዝ ጁን 30»፤ «ኦንሊ ኤ ፊው ሜምበርስ አንሰርድ ዘ ኩዌስችን»። በሁለተኛው «ዘ» የነበረውን «ዋን» ያደረግሁት የጥናትዎ ጉድለት አንድ ብቻ ነው ብለው እንዳይማሉ ነው። «ሊሚቴሽን» የሚለውን የክፍሉን ርእስም በዚያው ይመልከቱልኝ፤ በሥሩ ከአንድ በላይ ነጥብ ካነሡ፣ እንደማየው ሦስት አንሥተዋልና፣ «ሊሚቴሽንስ» ብለው መጨረሻው ላይ «ኤስ» ይጨምሩበት።